የማትሸሸዋ መርከብ

ከኒው ጊኒ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከፖርት ሞርስቢ ወደብ ወጣ ብሎ፣ ናቲያራ የሚባል የኮራል አለት አለ። ፕሩዝ የተባለች የእንግሊዝ የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. በ1923 ማብቂያ እዚህ አለት ላይ ወጥታ ተቀረቀረች፤ እዚያው ቀረች። ለ19 ዓመት ያህል ዝገት እየበላት፣ ማዕበል እየደበደባት ኖረች። በ1942 የመጨረሻ ወራት ግን ድንገት ባላንጣ በዛባት። የአሜሪካና የአውስትራሊያ አውሮፕላኖች ሆዳቸው ውሃ ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብለው ይመጡና ጎኗ ላይ ቦምብ ይለቃሉ፤ ምሰሶዋን ለጥቂት አልፈው ሽቅብ ይወጣሉ። ዞረው ደግሞ ይመጣሉ።

ከዳር ሆኖ ላየ ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚመስለው። ከደሴቲቱ ተራሮች ማዶ እውነተኛ ጦርነት እየነደደ የሞተች መርከብ መግደል ምን ይሉታል? አብራሪዎቹ ግን ከእሷ የሚማሩት ነበራቸው። ከዚያ በፊት የተማሩት፣ በመጽሐፍም በመመሪያም የሰፈረው ነገር፣ ባሕር ላይ እንደማይሠራ የገባቸው ገና በቅርቡ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከ6,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የአሜሪካ የጦር አብራሪዎች ትልቅ ተስፋ የጣሉበት ቦምብ ጣይ ቢ-17 ነበር፤ አራት ሞተር ያለው፣ ዙሪያውን መትረየስ የተተከለበት፣ ቅጽል ስሙም «በራሪ ምሽግ»። የመርከብ መድፍ በቀላሉ የማያገኘው ከፍታ ላይ ተቀምጦ፣ ኖርደን በተባለው ውድ ማነጣጠሪያ እያለመ የጠላትን መርከብ ያሰጥማል ተባለ። በጁን 1942 በፓስፊክ ውቅያኖስ ሚድዌይ ደሴት ላይ ተሞከረ። ከደሴቲቱ የተነሡት ቢ-17ዎች በጃፓን መርከቦች ላይ ቦምባቸውን ደጋግመው አዘነቡ። ሠራተኞቹ ሲመለሱ መታን፣ አቃጠልን አሉ፤ ጋዜጣውም ተቀብሎ አራገበው። በኋላ ሲጣራ አንዲትም መርከብ አልመቱም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም፤ ሰዓት መያዝ ይበቃል። ከ6,000 ሜትር የተለቀቀ ቦምብ ባሕሩ ላይ ለመድረስ 35 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እስኪ ቀስ ብላችሁ እስከ 35 ቁጠሩ። ገና 10 ሳትደርሱ ታች ያለው ካፒቴን ቀና ብሎ ቦምቡ ሲለቀቅ አይቷል። 15 ላይ መሪው እንዲዞር አዟል። 35 ስትሉ፣ በ30 ኖት የምትገሰግስ የጦር መርከብ ከነበረችበት ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቃ ቦምቡ በስተኋላዋ ውሃ ሲያፈነዳ ታያለች። ኖርደን የሚያነጣጥረው ዒላማው በያዘው አቅጣጫና ፍጥነት ይቀጥላል ብሎ ነው። ፋብሪካና የባቡር ጣቢያ እሺ ይሉታል። መርከብ ግን ትሸሻለች።

በጁላይ 1942 ወደ አውስትራሊያ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ሁለት ሰዎች ይህን ጉዳይ ይዘው ሲወያዩ መንገዱን ጨረሱት። አንደኛው ጄኔራል ጆርጅ ኬኒ ነው፤ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ምሕንድስና ጀምሮ ያቋረጠ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ሰማይ ላይ የተዋጋ የ52 ዓመት ሰው። የአካባቢው ጦር ጠቅላይ አዛዥ የነበረውን የዳግላስ ማክአርተርን የአየር ኃይል እንዲመራ ተሹሞ ነው የሚሄደው። የሚረከበው ኃይል የተዳከመ፣ መለዋወጫ የራበው፣ ከማክአርተር ዘንድም ከበሬታ ያጣ ነበር። ሌላው ረዳቱ ሻለቃ ቢል ቤን ነው። የሚያነሱት የሚጥሉት ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ ከላይ ከሚወረወር፣ ከታች ዝቅ ብሎ መጥቶ ቦምቡን በውሃው ላይ እያነጠሩ መላክ ቢቻልስ?

ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ይህን በልጅነቱ ያውቀዋል። ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጠህ፣ ጎንበስ ብለህ ከጎን ስትወረውረው ውሃውን እየነካካ ሦስቴ አራቴ ይዘላል። ቀጥ ካለ ገደል ላይ ሆነህ ብትጥለው ግን ጉም ብሎ ይሰምጣል። ምስጢሩ በድንጋዩ ክብደት ሳይሆን በሚመጣበት ማዕዘን ነው።

ፊጂ ደሴት ላይ ናንዲ ሲደርሱ ኬኒ መታገስ አቃተው። እዚያ ከነበሩት የአየር ኃይል ሰዎች አንድ ቢ-26 ቦምብ ጣይ ተዋሰና ከባሕሩ ወጣ ባሉ የኮራል ጉብታዎች ላይ የልምምድ ቦምብ ማስጣል ጀመረ። አንዳንዱ ቦምብ ጠልቆ ይቀራል፤ አንዳንዱ ዘሎ ዒላማውን አልፎ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልክ እንደ ልጅነት ድንጋይ እየነጠረ ሄዶ ኮራሉን ይመታል። ከፍታውን ወደ 30 ሜትር ዝቅ አድርገው ርቀቱንም ሲያስተካክሉ የሚሠራ መሰለ። ጄኔራሉ አውስትራሊያ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ቤንን ከረዳትነቱ አነሣው፤ ያነሣውም የ63ኛው ስኳድሮን አዛዥ ሊያደርገው ነበር። ሐሳቡን ያመጣ ሰው ራሱ ይሥራው ነው ነገሩ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። አሜሪካውያን ይህን ታሪክ ሲተርኩ ግኝቱ በዚያ በረራ ላይ የተወለደ ያስመስሉታል፤ እንደዚያ አይደለም። እንግሊዞች በ1941 ብሌንሃይም በተባሉ ቀላል ቦምብ ጣዮች በሰሜን ባሕርና በሜዲትራኒያን ላይ መርከቦችን ከምሰሶ ከፍታ ይመቱ ነበር። የሚዘገይ ማፈንጃም ነበራቸው። ያልነበራቸው ነገር ከመርከቧ የሚወጣውን ተኩስ ዝም ማሰኛ ነው፤ በዚህም የተነሣ ብሌንሃይሞቹ እንደ ቅጠል ረገፉ። ሐሳቡ ቀድሞ ነበር። የጎደለው በሕይወት የሚመለሱበት መንገድ ነው፤ የኒው ጊኒው ታሪክም በአብዛኛው ይህንን የመፈለግ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ማፈንጃው። ቦምቡ መርከቧን እንደነካ ቢፈነዳ ከላይ የሚያልፈውን አውሮፕላን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መዘግየት አለበት፤ ግን ስንት? አውስትራሊያውያን የ11 ሰከንድ ማፈንጃ ነበራቸው። 11 ሰከንድ በዛ፤ ቦምቡ የመርከቧን ጎን መትቶ ከሰመጠ በኋላ ጥልቅ ድረስ ይወርዳል። ቤንና ባለሙያዎቹ ወደ 4 ወይም 5 ሰከንድ አሳጠሩት። በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በ5 ሰከንድ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቦምቡ ደግሞ በዚያው ጊዜ ወይ የመርከቧን ጎን በስቶ ገብቷል፣ ወይ ከጎኗ ሥር ውሃ ውስጥ ወርዷል። ውሃ ውስጥ መፈንዳቱ እንዲያውም ይብሳል፤ ውሃው ኃይሉን ወደ መርከቧ ቆዳ ይገፋዋል።

ከዚያ ልምምዱ። ፕሩዝ የገባችው እዚህ ላይ ነው። የቤን ሰዎች እሷ ላይ ሲመላለሱ ያወቁት ነገር ከማፈንጃው ይልቅ የሚገርም ነበር። ከላይ የሚጥል ሰው ሁለት ነገር መገመት አለበት፤ ግራና ቀኙን፣ ፊትና ኋላውን። ከሁለቱ አንዱን ከሳተ ቦምቡ ባከነ። ዝቅ ብሎ ለሚመጣ ግን መርከቧ ግድግዳ ናት። ትንሽ ቀድሞ ቢለቅ ቦምቡ ነጥሮ ይደርሳል፤ ትንሽ ቢዘገይ ሳይነጥር ቀጥታ ጎኗን ይመታል። ርቀቱን ባሕሩ ራሱ ያርምለታል። ለአብራሪው የቀረው አንድ ሥራ ነው፤ አፍንጫውን መርከቧ መሐል ላይ ማድረግ። ውድ ማነጣጠሪያ አላስፈለገም፤ ዓይን በቃ።

በኦክቶበር 1942 የቤን ሰዎች ትምህርቱን ወደ ራባውል ይዘውት ሄዱ። ራባውል በኒው ብሪታኒያ ደሴት ላይ ያለች የጃፓኖች ትልቅ የጦር ሰፈር ናት፤ ሲምፕሰን የሚባለው ወደቧ በእሳተ ገሞራ ተራሮች የተከበበ ነው። በጨረቃ ሌሊት፣ ሌሎች ጓዶቻቸው ከላይ ቦምብ እየጣሉ የጠላትን ዓይን ሰማይ ላይ ሲሰቅሉ፣ ጥቂት ቢ-17ዎች ባሕሩን ታክከው ገብተው የቆሙ መርከቦችን መቱ። አራት ሞተር ያለው አውሮፕላን በጨለማ ውሃ ላይ እንዲያ ዝቅ ብሎ ሲንሸራተት ማየት ምን ይመስል ይሆን እላለሁ። ግን መርከብ ሁልጊዜ ጨረቃ ጠብቃ ወደብ ውስጥ አትቆምም። በቀን፣ ባሕር ላይ፣ መድፏን ደግና መትረየሷን አዘጋጅታ የምትጠብቅ መርከብ ፊት ለፊት ግዙፉን ቢ-17 ዝቅ አድርጎ ማምጣት አብራሪውን መግደል ነው። አፍንጫው ላይ በቂ የተኩስ አቅም የለውማ።

ለዚህ መልስ የሰጠው ሰው ፖል ገን ይባላል። ጓደኞቹ «ፓፒ» ይሉት ነበር፤ አባባ እንደማለት ነው፤ ከአርባ ዓመት አልፎ ከሃያ ዓመት ወጣቶች ጋር የሚዋጋ ሰው ሌላ ምን ይባላል። በባሕር ኃይል አብራሪነት አገልግሎ ጡረታ ከወጣ በኋላ ማኒላ ላይ የፊሊፒንስ አየር መንገድን ሥራ ይመራ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ እሱ ለግዳጅ አውስትራሊያ እያለ ጃፓኖች ማኒላን ያዙ። ሚስቱና አራት ልጆቹ ሳንቶ ቶማስ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ታሰሩ። ገን ጦርነቱን የሚቆጥረው ወደ ማኒላ በቀረው ኪሎ ሜትር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብሪስቤን አጠገብ ኢግል ፋርም በሚባለው የአውሮፕላን ጣቢያ ገን የሁለት ሞተሩን ቢ-25 አፍንጫ ከፈተው። ቦምብ አነጣጣሪው የሚቀመጥበትን የመስታወት ክፍል ባዶ አደረገና አራት ከባድ መትረየስ ደረደረበት። አልበቃውም፤ ከአብራሪው ወንበር ዝቅ ብሎ በግራና በቀኝ ጉንጩ ላይ አራት ጨመረ። ስምንቱም የሚተኮሱት በአብራሪው አውራ ጣት ነው፤ ከላይ ያለው ተሽከርካሪ መትረየስ ወደ ፊት ሲዞር ደግሞ አሥር ይሆናሉ። የሆዱን መትረየስ አውልቆ ጣለው፤ ውሃ ሊነካ ለሚቀረው አውሮፕላን ከሥር የሚመጣበት የለም። የአምራቹ ኩባንያ ባለሙያ ጃክ ፎክስ አብሮት ነበር፤ ሁለቱ ያለ ፕላን፣ ብዙ ጊዜም ያለ ፈቃድ ነው የሚሠሩት።

መጀመሪያ ሲተኩሱ አውሮፕላኑ ራሱን ሊያፈርስ ደረሰ። የአፈሙዙ ንዝረት የጉንጩን ቆርቆሮ ሰነጠቀ፣ ብሎኑን አረገፈ። ገን መትረየሶቹን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ፣ ቆርቆሮውን ደረበ፣ እንደገና ተኮሰ። እንዲህ ያለ ሥራ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ተሠርቶ ይሰበራል፣ ተሰብሮ ይሠራል። ክብደቱ አፍንጫው ላይ ሲበዛ የአውሮፕላኑ የክብደት ማዕከል ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁት፣ እሱንማ ለማቅለል ብለን አውልቀን ጣልነው ብሎ መለሰ ይባላል። እውነት ይሁን ቀልድ፣ ሰውየውን ይገልጸዋል። አገር ቤት ያሉት የአሜሪካ አየር ኃይል መሐንዲሶች ንድፉ ሲቀርብላቸው ሚዛኑን ይስታል፣ አይበርም ብለው ደመደሙ። እንዲህ ሲሉ አውሮፕላኖቹ እየበሩ ነበር።

የስምንቱ መትረየስ ትርጉም ይህ ነው፦ በሰከንድ ወደ 100 ጥይት፣ ሁሉም አብራሪው ወደሚያይበት። መርከቧ ላይ ያለው ተኳሽ ቀና ብሎ ማነጣጠር አይችልም፤ መደበቅ ወይም መሞት ነው። አውሮፕላኑ ቦምቡን የሚለቅበትን ያንን ጥቂት ሰከንድ የገዛለት ይህ ነው። ብሌንሃይሞቹ ያጡት ይህንኑ ነበር።

በጃንዋሪ 1943 መጀመሪያ ጃፓኖች ወታደር የጫኑ መርከቦች ከራባውል በኒው ጊኒ ወዳለችው «ላይ» የተባለች ወደብ ላኩ። የአሜሪካና የአውስትራሊያ አውሮፕላኖች ለሦስት ቀን ተከታትለው መቱ፤ አንዱ ጧት ይመጣል፣ ሌላው ከሰዓት፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች። ሁለት መርከብ ጠፋ፤ 4,000 ያህል ወታደር ግን ላይ ወደብ በሰላም ወረደ። በዚያው ወር ቢል ቤን ለቅኝት በወጣበት አልተመለሰም። የዘራውን ሳያጭድ ቀረ።

ከጃንዋሪው ውድቀት ትምህርት ያወጣው አውስትራሊያዊው የአየር ኃይል መኮንን ቢል ጋሪንግ ነበር። አንድ በአንድ መሄድ ሞት ነው፣ ሁሉም በአንድ ደቂቃ፣ ከተለያየ ከፍታ፣ በአንድ መርከብ ጓድ ላይ መውረድ አለበት አለ። የመርከቦቹ ተኳሾች ወዴት እንደሚያዩ እስኪጠፋቸው ድረስ። ለዚህ ደግሞ ልምምድ ያሻል። በፌብሩዋሪ መጨረሻ አውሮፕላኖቹ እንደገና ወደ ፕሩዝ ተመለሱ፤ አሁን ግን ተራ በተራ ሳይሆን በሰዓት ተቆጥረው፣ በደቂቃ ተከፍለው። ሻለቃ ኤድ ላርነር የሚመራው 90ኛው ስኳድሮን የገንን 12 ቢ-25ዎች ይዞ መጣ። አውስትራሊያውያኑ የ30ኛውን ስኳድሮን ቦፋይተሮች ይዘው መጡ፤ አፍንጫቸው ሥር አራት መድፍ፣ ክንፋቸው ላይ ስድስት መትረየስ አላቸው።

ፈተናው ሩቅ አልነበረም። የጃፓኖች የሬዲዮ ምስጢር ተሰብሮ ስለነበር አዲስ የመርከብ ጓድ (ኮንቮይ) እንደሚመጣ ይታወቃል። ፌብሩዋሪ 28 ሌሊት ስምንት የጭነት መርከቦችና ስምንት ዲስትሮየሮች ከራባውል ተነሡ። ዲስትሮየር ማለት የጭነት መርከብ የሚያጅብ ፈጣን የጦር መርከብ ነው። አዛዡ አድሚራል ማሳቶሚ ኪሙራ ነው፤ 6,900 ያህል ወታደር ተጭኗል። በማዕበልና በደመና ተሸፍነው ሄዱ። ማርች 1 ከሰዓት አንድ ቅኝት ላይ የነበረ ቢ-24 በደመና ቀዳዳ አያቸው። በማግስቱ ቢ-17ዎች ኪዮኩሴይ ማሩ የተባለችውን አሰጠሙ። (በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን የካቲት 23 ቀን 1935 ዓ.ም. ነበር፤ ነጻነቷን ካገኘች ገና ሁለተኛ ዓመቷን በያዘችው አዲስ አበባ የዓድዋ መታሰቢያ ዕለት።) ሁለት ዲስትሮየሮች ከሰመጠችው መርከብ የተረፉትን ጭነው ሌሊቱን ላይ ወደብ አድርሰው ተመለሱ።

ማርች 3 ጧት ሰማዩ ጠራ። ወደ 90 የሚጠጉ አውሮፕላኖች ዋርድ ሀንት በተባለው ርእሰ ምድር ላይ ተገናኙ። ጃፓኖች የለመዱትን ጠብቀው ተዋጊ አውሮፕላኖቻቸውን ከፍ አድርገው አቁመዋል። ቢ-17ዎቹ ከላይ መጡላቸው፤ ቦምባቸው ጓዱን በተነው፤ ፒ-38 ተዋጊዎች ዜሮ ከተባሉት የጃፓን ተዋጊዎች ጋር ተያያዙ። የሁሉም ዓይን ወደ ላይ ነበር።

አሥራ ሦስቱ ቦፋይተሮች በዚያ ሰዓት ከታች ገቡ።

በአንዱ ቦፋይተር ውስጥ፣ ከአብራሪው ቶርቺ ዩረን ትከሻ ኋላ፣ ዴሚየን ፓረር የተባለ የፊልም ሰው ቆሟል። ቦፋይተር የሁለት ሰው አውሮፕላን ነው፤ ለሦስተኛ ሰው መቀመጫም ቀበቶም የለውም። ጉልበቱን ደግፎ፣ ካሜራውን በዩረን ራስ ላይ አሻግሮ በመስታወቱ ይቀርጻል። ፊልሙ ዛሬም አለ። ባሕሩ በመስታወቱ ላይ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል፤ መርከቧ ነጥብ ሆና ትጀምርና ትሰፋለች፣ ምሰሶዋ ይለያል፣ ከዚያ የመርከቧ ወለል፣ ከዚያ ጭስ። መድፉ ሲተኮስ ምስሉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ፓረር ከዚያ በፊት በኒው ጊኒ ስለተካሄደው የኮኮዳ ጦርነት የቀረጸው ፊልም በኋላ ኦስካር ያገኘለት ሰው ነው፤ ይህን ግን ያገኘው ካሜራው እየተንቀጠቀጠ ነው።

አሁን አንድ ስህተት ተፈጠረ፤ በእኔ ዕይታ ጧቱን የወሰነው እሱ ነው። ጃፓኖቹ ዝቅ ብለው የሚመጡትን አውሮፕላኖች ሲያዩ ቶርፒዶ ሊጥሉ ነው ብለው አመኑ። እስከዚያን ቀን ውሃ ታክኮ መርከብ ላይ የሚመጣ አውሮፕላን ቶርፒዶ የያዘ ነው። ለቶርፒዶ ያለው መድኃኒት አፍንጫን ወደ እሱ ማዞር ነው፤ ቀጭን ዒላማ ለመሆን። ዲስትሮየሮቹ የተማሩትን አደረጉ፤ ዞሩ። ሲዞሩ ርዝመታቸውን በሙሉ፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት፣ ለመድፍና ለመትረየስ ሰጡ። ቦፋይተሮቹ የመርከቦቹን ማዘዣ ክፍልና መድፈኞች ጠረጉ። ትምህርታቸውን በደንብ ያጠኑ መርከበኞች በትምህርታቸው ተያዙ።

ወዲያው የላርነር ቢ-25ዎች ተከተሉ። እየተኮሱ መጡ፣ ቦምባቸውን ለቀቁ፣ ምሰሶውን ዘለው አለፉ፣ ዞረው የሚቀጥለውን መረጡ። ስኳድሮኑ ከለቀቃቸው 37 ቦምቦች 17ቱ መርከብ መቱ ብሎ ሪፖርት አደረገ። ቁጥሩ ላይ ጥርጣሬ ቢጨመርበትም ከሚድዌይ ጋር የሰማይና የምድር ልዩነት ነው። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የቀሩት ሰባት የጭነት መርከቦች በሙሉ ተመትተው ነበር። የኪሙራ ባንዲራ የሚውለበለብባት ሺራዩኪ ሰጠመች። ሲመሽ፣ ሲነጋም፣ የጭነት መርከቦቹ ስምንቱም፣ ከዲስትሮየሮቹም አራቱ ባሕሩ በላቸው። የአየር ሠራተኞቹ ኪሳራ 13 ሞት ነበር።

ከሞቱት መካከል የአንድ ቢ-17 ሠራተኞች አሉ። አውሮፕላናቸው ሲመታ በጃንጥላ ዘለሉ፤ ዜሮዎች አየር ላይ እንዳሉ ተኮሱባቸው። ወሬው ፖርት ሞርስቢ ማታውኑ ደረሰ።

በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሆነው ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል። ባሕሩ በጀልባ፣ በጣውላና በጎማ ላይ በተንጠለጠሉ ጃፓናውያን ወታደሮች ተሞልቷል። ላይ ወደብ ሩቅ አይደለችም፤ የደረሰ ሰው በሳምንት ውስጥ ጠብመንጃ ይዞ ጫካ ውስጥ አውስትራሊያዊ ይገጥማል። ትእዛዙ በዚህ ስሌት ወጣ። አውሮፕላኖችና ፈጣን የጦር ጀልባዎች ተመልሰው በተረፉት ላይ ተኮሱ። የጃንጥላው ቂም አለ፤ የወታደራዊ ስሌቱም አለ፤ የትኛው እንዳመዘነ ሰው በሰው ይለያያል። ከሠራተኞቹ ጥቂቶቹ ሥራው እንዳስጠላቸው በኋላ ተናግረዋል። ከ6,000 ሜትር ላይ ሰው አይታይም። ከምሰሶ ከፍታ ይታያል፤ ልብሱ፣ ያነሳው እጅ። ያንን ከፍታ የመረጡት ቦምባቸው እንዳይስት ነበር፤ ዓይናቸውም አልሳተም።

ከ6,900ው ውስጥ ላይ ወደብ የደረሱት 1,200 ያህል ናቸው። ሌሎቹን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የጃፓን ዲስትሮየሮችና ሰርጓጅ መርከቦች ለቅመው ወደ ራባውል መለሱ። ሦስት ሺህ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሞተ።

ከጀልባዎቹ አንዷ ወደ ደቡብ ተንሳፍፋ ጉድኢናፍ የምትባል ደሴት ላይ አረፈች፤ የአውስትራሊያ ወታደሮች ደረሱባት። ውስጧ ከተገኙት ሰነዶች መካከል የጃፓን ጦር የመኮንኖች ስም ዝርዝር ነበር፤ 40,000 ያህል ስም፣ ማዕረግና ምድብ። ተርጓሚዎች ተረባርበው አወጡት። ከዚያ በኋላ አንድ ጃፓናዊ መኮንን ሲማረክ ወይም ስሙ በተያዘ ወረቀት ላይ ሲገኝ ክፍሉ የት እንዳለ ማወቅ ተቻለ። ለውጊያው የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ማንም ያላነጣጠረበት።

የተያዙት ሰነዶች ግን አንድ የማይመች ነገርም ይዘው መጡ። ማርች 7 የማክአርተር ዋና መሥሪያ ቤት ባወጣው መግለጫ 22 መርከብ ሰጠመ፣ 12,792 ወታደር ሞተ ብሎ ነበር። ቁጥሩ ከየት መጣ? ከአየር ሠራተኞቹ ሪፖርት ነው የመጣው። አንዲት መርከብ ስትፈነዳ ሦስት ሠራተኞች ያዩታል፤ ሦስቱም ይመዘግቡታል። ጧት የምትቃጠል መርከብ ከሰዓት ሌላ ቦታ ተንሳፍፋ ስትገኝ አዲስ ትሆናለች። በጭስ መሐል ዲስትሮየር ትልቅ የጦር መርከብ ትመስላለች። ማንም አልዋሸም ይሆናል፤ ግን ድምሩ ከተነሡት መርከቦች በለጠ። ሚድዌይ ላይ ያየነው በሽታ ነው፤ ዝቅ ማለት ቦምቡን አዳነው እንጂ ቆጠራውን አላዳነውም።

በ1943 አጋማሽ ዋሽንግተን ያሉ የአየር ኃይል የታሪክ ሰዎች ሰነዶቹን አገናዝበው ኮንቮዩ 16 መርከብ ብቻ እንደነበር፣ የሰጠሙትም 12 እንደሆኑ ደረሱበት። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ድል አልነበረም፤ የጭነት መርከቦቹ ስምንቱም ሰጥመው ነበር። ማክአርተርና ኬኒ ግን ተቆጡ። መግለጫው አልታረመም። ፓፒ ገን ሚስቱንና ልጆቹን ነጻ ሆነው ለማየት ሌላ ሁለት ዓመት ጠበቀ። ላርነር በዚያው በ1943፣ ፓረር በ1944 ፔሌሊዩ ደሴት ላይ ሞቱ። 22 እና 16 ግን በየመጻሕፍቱ ጎን ለጎን ለረጅም ጊዜ ሲኖሩ ቆዩ።

ፕሩዝ በሁለቱም ቆጠራ ውስጥ የለችም።